በር ያለው ቤት አለው

ዛሬ በአገራችን ቤት የሌለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እንዲያውም እንደ እኔ የሚታሰብለት ሰው በአገሩ የለም። አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ከነአለቃው፣ ከነጸሐፊዎቹና ከነሻይ አፍይዋ ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ የሚጨነቀው ስለ እኔ ነው። ሠርቼበት ስለወጣሁ መጨነቁ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ እኔም ስለ ሌሎች እንዲሁ እጨነቅ ነበር፤ በተለይ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የአገሩን ስም አልጠራም። የምታውቁት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ የእናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።

በአገራችን አንድ የቆየ ሕግ አለ። አባቶቻችን አጭር አድርገው ነው ያወጡት፤ «በር ያለው ቤት አለው፤ በር የሌለው መንገደኛ ነው» ይላል። ያወጡት ሰዎች በር ካለ ከኋላው ቤት መኖሩ መቼም የታወቀ ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኛ ልጆቻቸው እንደምንመጣ አላሰቡም። ከሕጉ ጋር አብሮ የሚሄድ ልማድም አለ። በር እየተንኳኳ ዝም ማለት ትልቅ ነውር ነው። የሰማ ሁሉ፣ ቢታመምም፣ ቢያኮርፍም፣ እጁ ሊጥ ቢሆንም፣ «ግባ» ማለት አለበት። የገባው «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቶቹ «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ያጓደለ ሰው ሲሞት ለቀብሩ ሰው አይወጣም።

እኔ ያኔ በመጠለያ መሥሪያ ቤት ምክትል አሳቢ ነበርኩ። ዋናው አሳቢ ያስባል፤ እኔ «ልክ ነው» እላለሁ። ቤት ስለሌላቸው ሰዎች ዕቅድ ስናወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤት የሌለው ሰው ግን በመኪና መስኮት ካልሆነ በቅርብ አይቼ አላውቅም። ሰዎቹ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው፤ የእኔ ጫማ ደግሞ የቆዳ ነው። ዕቅዶቻችን ግን አንዱ ካንዱ ያማሩ ነበሩ። ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲተርትብን እኛ ላሚቱ በቀን ምን ያህል እንደምትታለብ አስልተን ጨርሰን ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የአገሩ ገዢ አደባባይ ወጥቶ «ከመጪው ክረምት በፊት በአገሬ ቤት የሌለው ሰው እንዳይኖር» አለ። አለቃችን ሊቀ መጠለያ ይባላል። ድምፁ የሚያምር ሰው ነው፤ የሚለው ነገር ባይገባም ሲናገር ደስ ይላል። ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስቦ ቤት ከምን እንደሚጀመር ጠየቀን። የመሠረት ክፍሉ ኃላፊ ከመሠረት አለ፤ ወንድሙ ድንጋይ ይሸጣል። የግድግዳው ኃላፊ ከግድግዳ አለ፤ የሚስቱ አባት ጡብ ያቃጥላል። የጣሪያው ኃላፊ ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ የክርስትና ልጅ ነበረው። ክርክሩ ጦፈ። ከታች ከሠራተኞች ክበብ የጥብስ ሽታ በመስኮት መጣ። እኔ ቁርስ ሳልበላ ነበር የገባሁት።

ተነሣሁና «ሕጉ መሠረት አይልም፤ ግድግዳም ጣሪያም አይልም፤ በር ነው የሚለው» አልኩ። «በር እንስጣቸውና ሕጉ ይፈጸም። የቀረው ቀስ ብሎ ይከተላል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ በቃ ዛሬ እንጀራዬ ተቆረጠ ብዬ ቆምኩ። ሊቀ መጠለያ ከመድረኩ ወርዶ ግንባሬን ሳመኝ። ተጨበጨበልኝ፤ ጥብሱም ሳይቀዘቅዝ ደረስን። እንግዲህ ሰው ስለዚያ ዕቅድ ጥልቀት ሲጽፍ አያለሁ፤ ጥልቀቱ የሆዴ ባዶነት እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የበር ሹም ተብዬ ተሾምኩ። የመንግሥት ቤትም ተሰጠኝ፤ መዝጊያው ከዋንዛ የተሠራ፣ ከባድ፣ የነሐስ እጀታ ያለው። ሚስቴ ትብለጥ እጀታውን በሎሚና በአመድ እየፈተገች ፊቷ እስኪታይበት ታበራው ነበር። ስለ ዕቅዱ ስነግራት «በር ብቻ? ታዲያ ምን ሊዘጉበት ነው?» አለች። የዕቅድ ነገር እንዳልገባት ነገርኳት። እሷም «እሱስ አልገባኝም» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

በሮቹን ያደልናቸው በማርሽ ባንድ ታጅበን ነው። ሜዳው ላይ በጭነት መኪና አራግፈን፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከነመቃናቸው እያቆምን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሰጠን። ከተቀባዮቹ አንዷ አስካለች ነበረች። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች፤ ምላሷም ከሚጥሚጣዋ አይተናነስም። ባሏ ጋሽ ጓንጉል በጤናው ዘመን የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ለአገሩ ሙት ሁሉ ሲነፋ ኖሮ ደረቱ አልቋል፤ አሁን ሲተነፍስ እሱ ራሱ ያፏጫል። ያን ቀን ከቃሬዛ በተሠራ አልጋ ላይ ተጋድሞ ባንዱን ሲያዳምጥ ነበር፤ ጡሩምባ ነፊው ትንፋሽ ይሰርቃል ብሎ አማው።

በሩን ሳስረክባት አስካለች ከኋላው ዞራ አየች። ተመልሳ መጣችና «ቤቱስ?» አለችኝ።

ሹሞች እንደሚያደርጉት በትዕግሥት አስረዳኋት። መጀመሪያ በር፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ በመጨረሻ ጣሪያ። አልሳቀችም። ባሏ ያለፈውን ክረምት ድልድይ ሥር ሆኖ ደም እያሳለው እንዳሳለፈው፣ ሐኪሙ ደግሞ ከእንግዲህ አንድ ክረምት ከመታው አይወጣውም እንዳላት ነገረችኝ።

«በሩን ይውሰዱትና ጣሪያውን ያስቀድሙልኝ» አለች። «በር ሳይዘጋብን ኖረናል፤ ምንም አልሆንንም።»

ሰው ያየኛል። ባንዱ ሊጀምር ጡሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ልመናዋን በአጭሩ ለመጨረስ ደረቴን ነፍቼ «ጣሪያሽ ከክረምቱ በፊት ይደርሳል፤ በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት። ለትልቅ ሴት «አንቺ» ማለቴ ያኔ አልታወቀኝም።

«በእርስዎ ይሁን እንግዲህ» ብላ በሯን ተሸክማ ሄዳ ከጋሽ ጓንጉል ራስጌ አቆመችው። ባንዱ መታ።

ሜዳው ወዲያው ተለወጠ። እዚህም እዚያም መዝጊያ ቆሟል፤ ከኋላው ሰማይ ነው። ሕግ ነውና ሰው ሁሉ በየበሩ መውጣትና መግባት ጀመረ። ድስቱ ወዲያ ማዶ ቢገነፍል እንኳ ዞሮ የሚሄድ የለም፤ በሩን ከፍቶ፣ አልፎ፣ ዘግቶ ነው የሚያወጣው። በጎን የዞረ አንድ ሰው የሰው አጥር ጥሷል ተብሎ ተከሰሰ። አጥሩ የታለ ቢል ዳኛው ወደፊት በዕቅድ እንደሚመጣ ነገሩትና ቀጡት። አንድ ሌባ የበር ቁልፍ ሲሰብር ተያዘ። በጎን አልፈህ ብርድ ልብሱን ለምን አላነሣህም ሲሉት «ደግሞ ያን ያህል ልዋረድ?» አለ አሉ። አንዲት ሴት አምሽቶ የመጣ ባሏን ዘጋችበትና ውጭ አደረ። እሷም ያው ውጭ ነው ያደረችው፤ ግን ከውስጥ በኩል። ሲነጋ ሽማግሌዎች አንኳኩተው ገብተው አስታረቋቸው።

የማንኳኳቱ ልማድ ከከተማው ይልቅ እዚያ ጠንክሮ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቶቹ ከሩቅ በዓይናቸው እያዩት እስኪያንኳኳ ይጠብቁታል። «ግባ» ሲሉት ይገባል፤ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ «እንቦሳ እሰሩ» ይሉታል። እንቦሳው ይቅርና የሚታሰርበት ካስማ አልነበራቸውም። እኔ ይህን ከመኪናዬ ሆኜ እያየሁ ዕቅዱ ሥር እየሰደደ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ቆጣሪዎች ወጥተው አንኳኩ፤ በየበሩ «ግቡ» ተባሉ። ስለዚህ በአገሩ ቤት የሌለው ሰው አለመኖሩ ታወጀ። ሊቀ መጠለያ ኒሻን ተሸለመ፤ እኔም ከእሱ ትንሽ ዝቅ ያለ ተሸለምኩ። የግድግዳና የጣሪያ ክፍሎች ተዘጉ። ሠራተኞቻቸው ቤት አልባነት እንዴት እንደጠፋ የሚተርከውን ታሪክ እንዲጽፉ ተመደቡ፤ የኒሻን ሣጥን መሥሪያ ደግሞ የቀረውን የአገሩን እንጨት ወሰደ።

ቃሌ ትዝ ብሎኝ ወደ ሊቀ መጠለያ ገባሁ። ስለ ጣሪያው ባነሣ «የማን ጣሪያ?» አለኝ። በሜዳው ያሉትን አልኩት። እነሱ ቤት እንዳላቸው፣ ቤት ላለው ሰው ግድግዳ መጨመር ስግብግብነት ማስተማር እንደሆነ በዚያ በሚያምር ድምፁ አስረዳኝ። «ልክ ነው» አልኩ። ምክትል ሆኜ የለመድኳት ቃል ናት፤ ስሾምም አብራኝ ተሾመች። ከዚያ ወዲህ በሜዳው በኩል ማለፍ ተውኩ። ቢሮዬ ለመድረስ ከተማውን የሚዞረውን መንገድ ያዝኩ፤ ለትብለጥ ግን በዚያ በኩል አየሩ ይሻላል አልኳት።

ክረምቱ ማንንም ሳይጠይቅ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ከነፋስ ጋር ነበር የመጣው፤ ነፋሱ ሕጉን ስለማያውቅ አላንኳኳም። በሮቹን አንድ በአንድ ገነደሳቸው። የአስካለች በርና የጎረቤቷ በር ሲወድቁ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፈው ከጋሽ ጓንጉል አልጋ በላይ ቆሙ። ሲነጋ የሜዳው ሰው ሁሉ ልብሱን ሲጨምቅ እሱ ጠብታ ሳይነካው ተገኘ። መጀመሪያ ተጨቃጨቁ። የመንግሥትን በር ማጋደም ያስጠይቃል ያሉ ነበሩ፤ እነሱንም ቀጣዩ ዝናብ አሳመናቸው። በሮቹን ሰበሰቡ። አቁመው ግድግዳ፣ አጋድመው ጣሪያ አደረጓቸው። በሽተኛውን፣ አራሷን፣ ሽማግሌውን መሀል አስገብተው የቀሩት ዳር ዳሩን ተጠጋግተው ገቡ።

ለመሥሪያ ቤታችን የደረሰው ወሬ ግን በሮቹ ከሜዳው ጠፉ የሚል ነበር። እኔ ተላክሁ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ስደርስ ከሩቅ አንድ ትልቅ ቤት አየሁ፤ ዙሪያው በር፣ ላዩ በር። አረንጓዴውን አንኳኳሁ። ከውስጥ በአንድ ድምፅ «ግቡ» አሉኝ። ብገፋው አልገፋ አለ። ቀዩን አንኳኳሁ። «ግቡ» አሉ፤ አይከፈትም። ሰማያዊውንም እንዲሁ። ልማዳቸውን ስለማያጎድሉ ባንኳኳሁ ቁጥር «ግቡ» ይሉኛል፤ ዝናቡ ግን በአንገቴ ይገባል። ጃንጥላዬ ተገልብጦ ሄደ። የበር ሹም ነኝ፤ በአገሩ የታደለው በር ሁሉ ፊቴ ቆሟል፤ አንዱም አላስገባኝም።

በመጨረሻ አስካለች የማዳበሪያ ጆንያ ገልጣ ራሷን ብቅ አደረገች። «በዚህ ነው ጌታው። በር የለውም» አለችኝ።

ውስጡ ይሞቃል፤ የድንች እንፋሎት ይሸታል። ጋሽ ጓንጉል መሀል ተጋድሟል። ጣሪያው ሁሉ የተገጠመ ነው፤ ከእሱ በላይ ብቻ በር አልቆ የአንድ በር ያህል ክፍት ቀርቷል። በላስቲክ ሸፍነውት ላስቲኩ ተቀዷል፤ ውሃው ደረቱ ላይ ባስቀመጠው ሳህን ጠብ ይላል። አልጋውን የሚያዞሩበት ቦታ የለም፤ ዙሪያው ሰው ነው። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ እንዳይደፋበት ትንፋሹን እየቆጠበ ሰላም አለኝ።

«እንግዲህ ጣሪያው…» ብዬ ጀመርኩ።

አስካለች በጣቷ ወደ ላይ ክፍቱን አሳየችኝ። «ጣሪያውስ ደረሰ። ከእርስዎ የምትጠበቅ ይቺ ብቻ ናት የቀረችው።»

አፈርኩ። ከተሾምኩ ወዲህ ማፈር ትቼ ስለነበር መጀመሪያ ብርድ የመታኝ መስሎኝ ነበር።

ተመልሼ ያየሁትን ለሊቀ መጠለያ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ በለኛ» አለ። ይባስ ብሎ ቤት አልባነትን እንዴት እንዳጠፋን ሊማር ከጎረቤት አገር ሊቀ ጎብኚ የሚባል ትልቅ ሰው እየመጣ ነበር። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። በሮቹ በሙሉ ተነቅለው በየቦታቸው ይቁሙ፣ ጎብኚው እስኪሄድም ማንም እንዳያጋድማቸው ብሎ አዘዘኝ። «ልክ ነው» አልኩ።

አፍራሾች ይዤ ሜዳው ደረስኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ሊወርድ ነው። ሰዎቹ በዝምታ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ዝምታቸውን መቋቋም አቃተኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ጋሽ ጓንጉል ብቻ በእጁ ጠራኝ።

«ልጄ፣ አንተ ታዘህ ነው፤ አልፈርድብህም» አለ እየተቆራረጠ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። ስታፈርስ ከወዲያ ጀምርና የእኔን በኩል መጨረሻ አድርገው። እስከዚያ ትንሽ ልተንፍስበት።»

አፍራሾቹን ሻይ ጠጡ ብዬ ላክኋቸው። ደስ አላቸው፤ የአንዱ እናት እዚያ ውስጥ ነበረች። እኔም ወደ ሊቀ መጠለያ ስመለስ ምሳ ሰዓት ነበር። ርቦኝ ነበርና እንደ ልማዴ ሐሳብ መጣልኝ። ያ ቤት ቤት አይደለም፤ የበር መጋዘን ነው አልኩት። ለሕዝቡ አድለን የተረፈንን በር ያከማቸንበት። በውስጡ ያሉት ሰዎችም የመጋዘኑ ጠባቂዎች ናቸው፤ ጠባቂ ደግሞ በሚጠብቀው ቤት አዳሪ ነው እንጂ መንገደኛ አይባልም። ሊቀ መጠለያ ዓይኑ በራ። በር ተርፎት መጋዘን የሠራ አገር ስለመኖሩ ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ሊቀ ጎብኚም እንደማይሰማ ነገረኝ። አንድ ነገር ግን ጨመረ። የመንግሥት ንብረት የሚበሰብስበት መጋዘን የለም። ነገ ማለዳ ራሱ ገብቶ ያያል፤ አንዲት ጠብታ ከወረደች ሁሉም ይፈርሳል።

አንድ በር ፍለጋ ከተማውን አካለልኩ። በር የለም። እንጨቱ ሁሉ የኒሻን ሣጥን ሆኗል። አምሽቼ ቤቴ ስደርስ ትብለጥ እጀታዋን ስትፈትግ አገኘኋት። ደጄ ላይ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር የነገርኳት እንድትከለክለኝ ነው። አንዳንድ ሰው ደግ መሆን የሚያምረው ከልካይ ሲኖረው ነው።

«ሕጉን ታውቀዋለህ አይደል?» አለችኝ።

«ያስታወስኳቸው እኔ ነኝ።»

«በር የሌለው…»

«መንገደኛ ነው» አልኳት።

ሎሚውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «መፍቻ አለህ?» አለች።

መፍቻ አልነበረኝም። ቢኖረኝም ማጠፊያው ከየት በኩል እንደሚፈታ አላውቅም ነበር፤ በሹመቴ ዘመን በር ስመርቅ እንጂ ስነቅል አልኖርኩም። መፍቻውን ከጎረቤት ተውሳ እሷ ፈታችው፤ እኔ ጣቴን አስቆረጥኩ። ስትፈታ «ስለ በር ስታወራ ሰምቼህ ሰልችቶኛል። ስለ ቤት ስታወራ ዛሬ ገና ሰማሁህ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ልቅሶም መጣብኝ። ከዚያ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ከተማውን አቋርጠን ተሸከምነው። ወዴት ልትዛወሩ ነው ለሚሏት «በሩ ነው የሚዛወረው፤ እኛ ልንሸኘው ነው» ትላቸው ነበር።

ዋንዛው ክፍቱ ላይ ልክ ገጠመ፤ እጀታው ወደ ታች፣ በጋሽ ጓንጉል አናት ትይዩ። በማግሥቱ ሊቀ መጠለያ ካፖርቱን ለብሶ ገባና አናቱን ቀና አድርጎ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል። ጠብ አላለም። መጋዘኑ ጸደቀ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ጠባቂ ተባለ። ትብለጥም ከእኔ ቀድማ ገብታ አብራ ተቀጠረች። የእኔ ቤት ግን በር ስለሌለው ቤት አለመሆኑ ተረጋገጠ፤ የሊቀ መጠለያ የሚስቱ ወንድም የራሱን በር ይዞ መጥቶ ቤት አደረገው። መንገደኛ ሹም አይሆንምና ሹመቴም ተነሣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ በልቻለሁ፤ የበላሁት ግን ሁልጊዜ ጥብስ ብቻ ነበር። ጥበቃ ልግባ ብል ከሹመት የተነሣ ሰው ለጥበቃ አይቀጠርም አሉኝ። ያ ደንብ ሲወጣ «ልክ ነው» ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ስለዚህ በእንግድነት ተጠግቼ ማደር ጀመርኩ። አስካለች በመጀመሪያው ቀን ቢላ ሰጥታኝ «አንተ፣ ድንቹን ላጥ» አለችኝ። እኔ «እርስዎ» ስላት እሷ «አንተ» ስትለኝ፣ ለሹመቴ ካገኘሁት ኒሻን ይልቅ ደስ አለኝ። ልጣጩን አወፈርከው ተብዬ ግን በዚያው ቀን ተወቀስኩ።

ሊቀ ጎብኚ መጣ። መጋዘኑን ዞሮ አይቶ በመደነቅ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለማነጻጸር ያህል ቤት የሌለው ሰው ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ተፈልጎ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ፊቴን አሳጥበው አቀረቡኝ። ሊቀ ጎብኚ ዙሪያዬን ዞረና ሊቀ መጠለያን «ለካ አንድ ቀርቷችኋል» አለው። ሊቀ መጠለያ እንደዚያ ቀን ሲቃጠል አይቼው አላውቅም።

በማግሥቱ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። የዋንዛ በሬን ከመጋዘኑ ባወጣ፣ ቤቴ ከነጓሮው፣ ሹመቴም ከነደመወዙ እንደሚመለስልኝ ነገረኝ። ጎብኚው ሄዷል፤ መጋዘኑ ከእንግዲህ ቢያፈስ የሚያይ የለም። «አንተን ጨርሰን ዓመቱን ያለ ቤት አልባ እንዝጋው» አለ። ድምፁ እንዳማረ ነው። «ልክ ነው» አልኩት፤ ቃሏ ከአፌ ከወጣች በኋላ ነው የሰማኋት።

ስመለስ መንገድ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ያ ቤት፣ ያ ሰፊ ጓሮ፣ ደረቅ አልጋ፣ የሞቀ ቢሮ ፊቴ ላይ ይመላለሱ ነበር። ተመኘኋቸው፤ ምን ይደበቃል። የማዳበሪያው ጆንያ ላይ የሚንኳኳ ነገር ስለሌለ ቆሜ «ቤት ለእንቦሳ» አልኩ። «እንቦሳ እሰሩ» አሉኝ ሁሉም። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አስካለች ድንቿን እየደረደረች ቀና አላለችም። ትብለጥም ቀና ሳትል «መፍቻው እዚያ አለልህ» አለችኝ።

መፍቻውን አንሥቼ መቀመጫ ዱካ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ጓንጉል የዱሮ ጡሩምባውን በገመድ አስሮ በእኔ በር እጀታ ላይ አንጠልጥሎታል። ሳህኑ ከደረቱ ተነሥቷል። ትንፋሹ እንደ ወትሮው አያፏጭም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይገባል፣ ይወጣል። መፍቻውን ወደ ማጠፊያው አስጠጋሁ፤ አሁን ከየት በኩል እንደሚፈታ አውቃለሁ።

ያኔ ዝናቡ በረታ። በዋንዛው ላይ በጡጫ እንደሚመታ ሰው ይደበድብ ጀመር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ወደ ላይ አየ፤ ከልማዳቸው የተነሣ አንዳንዶቹ አፋቸውን ሊከፍቱ ምንም አልቀራቸውም።

ጋሽ ጓንጉል ከተጋደመበት ሆኖ አየኝ።

«ልጄ፣ በርህን እያንኳኳ ነው» አለኝ። «ግባ እንዳትለው።»

በዕድሜዬ ሙሉ የተባልኩትን ሁሉ «ልክ ነው» ያልኩ ሰው ነኝ። ዝናቡ አሁንም እያንኳኳ ነበር። መፍቻውን ኪሴ ከትቼ ከዱካው ወረድኩና ዝም አልኩት።